የአራት ወር ከአንድ ቀን መስመር

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11፣ 2025

ቀኑን በፈረንጅ የምጽፈው ገበያው በፈረንጅ ስለሚውል ነው። የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ሌሊት መጋዘን እሠራለሁ። ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ገበያው ሲከፈት እኔ ቤት ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ነው።

ትናንት አንድ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ ደወለ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተመርቆ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነው። "አንተ እዚያ የአክሲዮን ሀገር ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?" አለኝ። ካርቶን እደረድራለሁ ማለት አሳፈረኝ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ከቆየ ሰንብቷል። ቶሮንቶ የማዕድን ገንዘብ ከተማ ናት። ቲኤስኤክስ ቬንቸር በሚባለው ገበያ ላይ ገና አንድ ግራም ወርቅ ያላወጡ፣ መሬት ይዘው የሚቆፍሩ ብዙ ትንንሽ ኩባንያዎች አሉ። አክሲዮናቸው በሳንቲም ይሸጣል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ቻርት ማንበብ ስማር ከርሜያለሁ። እስቲ ሁለቱን ላጋጥማቸው።

መነሻዬ 2,500 ዶላር ነው። በአንድ ጊዜ ከ300 በላይ አላስገባም። ብድር የለም። የገዛሁትንም የሸጥኩትንም እዚህ እጽፋለሁ፤ ያሳፈረኝንም ጭምር። የኩባንያዎቹን ስም ግን አልጽፍም። ሀ፣ ለ እያልኩ እሄዳለሁ።

ባለቤቴን አማከርኳት። "እቁብ ብትገባበት አይሻልም?" አለች። አራት ወር ስጪኝ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

አሥር ቀን ሙሉ ምንም ሳልገዛ ዐይኔን ቻርት ላይ ተክዬ ሰነበትኩ።

ለማያውቅ ሰው፦ በቻርት ላይ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሻማ ነው። የሻማው ወፍራም ገላ ቀኑ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ዋጋ ያሳያል። ከላይና ከታች የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች ደግሞ ዋጋው የደረሰበትን ጫፍ። ሐሳቡ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ ጃፓናዊ የሩዝ ነጋዴ፣ ከሙነሂሳ ሆማ ነው ይባላል። ከሥር የሚቆሙት ዘንጎች ቮልዩም ናቸው፤ በቀኑ ስንት አክሲዮን እጅ እንደቀየረ።

በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ሲማሩት ሻማው ያምራል። የኔዎቹ ላይ ግን ብዙው ቀን ሻማ የለም። ጭረት ብቻ ነው። ማንም አልገዛም፣ ማንም አልሸጠም። አንዳንዱ ኩባንያ ለሦስት ቀን አንድም ግብይት የለውም። የሞተ ሰው የልብ ምት ይመስላል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

የመጀመሪያው ትምህርት። ዋጋው 39 ዶላር ከ90 ሳንቲም።

ኩባንያ ሀ ከስድስትና ከስድስት ሳንቲም ተኩል አይወጣም ነበር። አርኤስአይ የሚባለው መለኪያ፣ ያለፉትን 14 ቀናት መውጣትና መውረድ የሚያነጻጽረው፣ ከ30 በታች ወረደ። በመጽሐፉ መሠረት "ከመጠን በላይ ተሸጧል"፣ ዋጋው ተመልሶ ሊነሳ ይችላል ማለት ነው። ባለፈው ረቡዕ 4,000 አክሲዮን በስድስት ተኩል ገዛሁ፤ 260 ዶላር። ብሮከሬ፣ ግብይቱን የሚያስፈጽምልኝ ድርጅት፣ 9.95 ኮሚሽን ወሰደ።

ከዚያ ዝም። ሐሙስ ዝም። ዓርብ ዝም። ዛሬ ሰለቸኝና ልሽጥ ስል ገዢ ያለው በስድስት ነው። 240 ዶላር፣ ሌላ 9.95 ተቀንሶ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋጋው አልወረደም! ሻጩ ስድስት ተኩል፣ ገዢው ስድስት፣ እንደነበሩ ናቸው። እኔ ነኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሬ 15 ከመቶ ገደማ የጣልኩት። እዚህ ሀገር ከ50 ሳንቲም በታች ያለ አክሲዮን በግማሽ ሳንቲም ነው የሚራመደው። በስድስት ተኩል ሳንቲም ላይ ግማሽ ሳንቲም ማለት 8 ከመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አርኤስአይ ይህን አያውቅም። ዋጋው በአንድ እርምጃ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ትልቅ ነገር የተፈጠረ ይመስለዋል።

አዲስ ደንብ፦ ከ10 ሳንቲም በታች አልነካም። አርኤስአይንም ከቻርቴ ላይ አነሳሁት።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ዳንፎርዝ ሠፈር ያለ ቡና ቤት የማገኛቸው ጋሼ አሉ። በወጣትነታቸው አዶላ ወርቅ ላይ ጂኦሎጂስት ነበሩ። እዚህ መጥተው ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ አሳለፉ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ስልኬን አውጥቼ ኩባንያ ለን አሳየኋቸው። ከኖቬምበር ጀምሮ በ14 እና በ18 ሳንቲም ተኩል መካከል ነው የሚመላለሰው። ወለሉ 14፣ ጣሪያው 18 ተኩል፣ እያልኩ በጣቴ እያሳየሁ አብራራሁ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ቻርቱን ሳይሆን እኔን ነው ያዩት።

"መግለጫውን አንብበሃል?"

"የቱን?"

"አክሲዮን የሸጡበትን። እነዚህ ሰዎች ወርቅ አይሸጡም ልጄ። የሚሸጡት አክሲዮን ነው። መቼ፣ ለማን፣ በስንት እንደሸጡ ካላወቅህ ይሄ ሥዕል ነው።"

ቤት ገብቼ ፈለግኩ። አለ። ኩባንያው ኖቬምበር 12 ለተመረጡ ባለሀብቶች በ15 ሳንቲም አዲስ አክሲዮን ሸጧል። ከእያንዳንዱ ጋር ግማሽ ዋራንት አለ፤ ወደፊት በ25 ሳንቲም የመግዛት መብት ማለት ነው። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ማንም የማያነበው ቦታ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ተቀምጣለች፦ አክሲዮኖቹ እስከ ማርች 13፣ 2025 ድረስ አይሸጡም።

በካናዳ ሕግ እንዲህ በግል የተገዛ አክሲዮን ለአራት ወር ከአንድ ቀን ይታሰራል። ቻርቱ ላይ ማርች 13ን ፈልጌ ቀይ መስመር ቀጥ አድርጌ አወረድኩበት። በተማርኩት ሁሉ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አልነበረም። የሚያስተምሩን አግድምና ሰያፍ ማስመር ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

ሰኞ በዓል ስለነበር ገበያው ዝግ ነበር። ዛሬ ለ ጣሪያውን ሰበረ። በአማካይ በቀን 40,000 አክሲዮን የሚገበያይ ኩባንያ 310,000 ተገበያየ። የቮልዩሙ ዘንግ ከጎረቤቶቹ በላይ እንደ ሚናሬት ቆሟል። 1,500 አክሲዮን በ19 ሳንቲም ገዛሁ። ከነኮሚሽኑ 294.95።

ከገዛሁ በኋላ ለመተኛት ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

የፒዳክ ጉባኤ ሰሞን ነው። በየዓመቱ ማርች ሲገባ የዓለም የማዕድን ሰው ሁሉ መሀል ቶሮንቶ ይሰበሰባል። ዘንድሮ ከማርች 2 እስከ 5 ነው። ዛሬ ጎራ አልኩ። ሱፍ የለበሰና ቦት ጫማ ያደረገ ሰው አብሮ ቡና ይጠጣል። ከመሬት ውስጥ በቁፋሮ የወጡ የድንጋይ ዘንጎች በሳጥን ተደርድረው ይታያሉ። አንዱን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው፣ ለስላሳ፣ የሳሙና ያህል። እስከዛሬ የምነግደው ይህን መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ነጋዴዎቹ መካከል የቆየ ወሬ አለ፦ ትንንሾቹ አክሲዮኖች እስከ ጉባኤው ይወጣሉ፣ ከጉባኤው በኋላ ይወርዳሉ። ወሬውን ለብቻው አላምነውም። ግን ኩባንያ ሁሉ መልካም ዜናውን ለዚህ ሳምንት እንደሚያቆይ አሁን በዐይኔ አየሁ። ለ 23 ሳንቲም ገብቷል።

ሰኞ፣ ማርች 10

ለን በ23 ሳንቲም ተኩል ሸጥኩ። በእጄ የገባው 342.55፣ ትርፉ 47.60።

ቻርቱ "ሽጥ" አላለኝም። ሻማዎቹ ሁሉ ያምራሉ። ያለፉት 50 ቀናት የዋጋ አማካይ ወደ ላይ እየሄደ ነው። የሸጥኩት ቀይዋ መስመር ሦስት ቀን ስለቀራት ብቻ ነው። በ15 ሳንቲም የገዛውን ሰው ቦታ ሆኜ አሰብኩ። አራት ወር ታስሮ ቆይቶ ሐሙስ ሲፈታ 57 ከመቶ ትርፍ ይዟል። አክሲዮኑን ቢሸጥ እንኳ ዋራንቱ በእጁ ይቀራል። ገንዘቡን አውጥቶ ዕድሉን በነጻ ይይዛል። እኔ ብሆን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ነበር የምሸጠው።

ዓርብ፣ ማርች 14

ዛሬ ወርቅ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አውንስ 3,000 የአሜሪካ ዶላር አለፈ። ዜናው ሁሉ ወርቅ፣ ወርቅ።

የወርቅ ኩባንያ የሆነው ለ ዛሬ ከ23 ወደ 21 ወረደ። ትናንት 600,000 አክሲዮን ተገበያየ። ዛሬ ከዚያ በላይ። ሻጩ ማለቂያ የለውም።

ቀኑን ሙሉ ከሌሊት ሥራዬ ሳልተኛ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። የሸጥኩት ነገር ሲወርድ ማየት እንዲህ እንደሚያስደስት አላውቅም ነበር፤ ትንሽም ያሳፍራል። ለጋሼ ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ መስመሯ ሠራች!" ስላቸው ዝም አሉ። ቀጥለው "በአንድ ጊዜ አትጥገብ" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ጠገብኩ።

ኩባንያ ሐ ላይ "ስኒና እጀታ" አየሁ። ዋጋው እንደ ስኒ ታች ክብ ሠርቶ ይወርድና ይወጣል፤ ከዚያ በስተቀኝ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ እጀታው ማለት ነው። እጀታውን ሲሰብር ይተኮሳል ይባላል። 1,000 አክሲዮን በ34 ሳንቲም ገዛሁ። 349.95። አዎ፣ ከ300 በላይ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ ያፈረስኩትም እኔ።

ስቶፕ ሎስ አስቀመጥኩ፤ ዋጋው ሲወርድ ኪሳራው እንዳይበዛ በራሱ የሚሸጥልኝ ትእዛዝ ነው። 30 ሳንቲም ከደረሰ እስከ 29 ድረስ ይሸጥልኝ። ብሮከሬ የሚቀበለው እንዲህ ከነገደቡ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሐ ግብይቱ ታገደ። ትልቅ ዜና ሲኖር ዜናው እስኪነበብ ድረስ ተቆጣጣሪው ገበያውን ያስቆመዋል። ደስ አለኝ! የቁፋሮ ውጤት ነው፣ ተተኮሰ አልኩ። መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ትርፍ ስቆጥር አደርኩ።

ጠዋት ዜናው ወጣ። "12 ሜትር፣ በቶን 3 ግራም ወርቅ"። ጥሩ ነው መሰለኝ። ገበያው ሲከፈት የመጀመሪያው ግብይት በ22 ሳንቲም ሆነ። ከ33 ወደ 22፣ በመሀል ምንም የለም። ሻማው ከትናንቱ ሻማ ጋር አይነካካም። ባዶ ሰማይ ነው።

ስቶፕ ሎሴስ? ተቀስቅሷል። ግን ገደቡ 29 ስለሆነ በ29 ለሽያጭ ተሰልፎ ቆሟል። በ22 የሚሸጥ ዕቃ በ29 ማን ይገዛል? ገበያ ዳር ቆሞ ውድ ዋጋ እየጠራ እንደሚውል ሰው ሆነ። ሰረዝኩትና በእጄ በ21 ሸጥኩ። ኪሳራ 149.90።

ማታ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ስልኬን ተቀብለው ወደ ሰንጠረዡ ወረዱ። ርዕሱን አላነበቡትም። በናፕኪን ላይ ጻፉ። 12 ሜትር በ3 ግራም ሲባዛ 36። ከሥር በትናንሽ ፊደል "ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሜትር፣ 60 ግራም" ይላል። ግማሽ በ60፣ 30። 36 ሲቀነስ 30፣ ስድስት። ስድስቱ ለቀሪው 11 ሜትር ተኩል ሲካፈል በቶን ግማሽ ግራም ገደማ።

"ያገኙት አንድ ቀጭን ጅማት ነው" አሉ። "ቅቤዋን በሰፊ እንጀራ ላይ ቀቡልህ።"

"ቻርቱ ግን ስኒ ሠርቶ ነበር፣ እጀታም ነበረው።"

"እጀታ ያለው ሲኒ የት አይተህ ታውቃለህ?" ብለው ፊታቸው ያለውን ሲኒ አነሱ።

ብሬኤክስን ያነሱልኝ ያን ጊዜ ነው። የካናዳ ኩባንያ ነበር፤ ኢንዶኔዥያ ቡሳንግ ላይ ግዙፍ ወርቅ አገኘሁ አለ። ናሙናው ላይ ወርቅ ተጨምሮበት ነበር። ማርች 1997 ላይ እውነቱ መውጣት ሲጀምር አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከ80 ከመቶ በላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት የነበረው ቻርት፣ አሉ ጋሼ፣ ማንም ሊያየው የሚመኘው ቀና ያለ ዳገት ነበር። ዛሬ ኩባንያዎች የቁፋሮ ውጤታቸውን የሚያወጡበት የካናዳ ደንብ የመጣው ከዚያ ጉድ በኋላ፣ በ2001 ነው። ያቺን "ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሜትር" የምትል ቃል ማንበብ የቻልነው ዝርዝሩ ስለሚወጣ ነው። ማንበብ ግን የኔ ፋንታ ነበር።

አዲስ ደንብ፦ የቁፋሮ ውጤት የሚጠበቅበትን ኩባንያ ይዤ አላድርም። ቻርት በሁለት ሻማዎች መካከል ያለውን አያሳይም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ከኤፕሪል 2ቱ የአሜሪካ የቀረጥ አዋጅ ወዲህ ሁሉም ነገር ቀይ ነው። ዓርብ የወርቅ ማዕድን አክሲዮኖች ተቀጠቀጡ። ዛሬ ወርቁ ራሱ ከ3,000 በታች ወርዶ ነበር። ወርቅ የመከራ ቀን መሸሸጊያ ነው ሲባል አልነበር? ጋሼ በስልክ፦ "ብድርህን ክፈል የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚሸጠው የሚሸጥለትን ነው።"

ባዶ እጄን ነኝ፣ ተመስገን። እንዲህ ያለ ቀን ግን ለመፈተሽ ይመቻል። የሃያ ኩባንያዎችን ቻርት ከጂዲኤክስጄ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ጂዲኤክስጄ የትንንሽ የወርቅ ኩባንያዎች ፈንድ ይባላል፤ ውስጡ ያሉት ግን ከኔዎቹ ጋር ሲተያዩ ዝሆኖች ናቸው። ለአቅጣጫ ይረዳል። የፈለግኩት ዋጋውን አይደለም። ሁሉም ሲሸጥ የማን ቮልዩም እንዳልጨመረ ነው።

አንዱ ዐይኔን ሳበው። መ ልበለው። ከ13 ወደ 11 ወርዷል፣ ግን የተሸጠው ትንሽ ነው። የያዙት ሰዎች አልደነገጡም። መግለጫውን ፈለግኩ። የመጨረሻው የአክሲዮን ሽያጭ ኦክቶበር ላይ ነበር፤ እስሩ ፌብሩዋሪ ላይ ተፈትቷል። መሸጥ የፈለገ ሸጦ ሄዷል ማለት ነው። ቁፋሮም እስከ በጋ የለውም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

መ 2,000 አክሲዮን፣ በ12 ሳንቲም ተኩል። 259.95። ከደንቡ በታች ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ አየች።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ፋሲካ ዘንድሮ ከፈረንጆቹ ጋር በአንድ ቀን ዋለ፣ ኤፕሪል 20። ስቅለት ገበያውም ዝግ ስለነበር ለአንድ ጊዜ እንኳ ስልኬን ሳላይ ሰገድኩ።

ዛሬ ወርቅ 3,500 ነካ። መ 17 ደረሰ። ከበዓሉ በፊት ያስቀመጥኩት ትእዛዝ ግማሹን፣ 1,000 አክሲዮን፣ በ16 ተኩል ሸጠልኝ። ኮሚሽኑ ተቀንሶ 155.05። የቀረውን 1,000 ያዝኩ። ሁሉንም መሸጥ ነበረብኝ? ምናልባት። የዶሮ ወጥ የበላ ሰው ሆዱም ልቡም ሰፊ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ቀይ መስመሬ ሁልጊዜ እንደማትሠራ ማስታወስ አለብኝ። የድሮ ቻርቶችን ወደ ኋላ እየሄድኩ ስሞክር፣ እስሩ ሲፈታ ዋጋው ከሽያጩ ዋጋ በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ምንም አይፈጠርም። ማን በኪሳራ ይቸኩላል? መስመሯ የምትነክሰው የታሰረው ሰው ትርፍ ላይ ሲሆን ነው።

ሌላም አለ። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የተመዘገቡ ኩባንያዎች በተለየ ፈቃድ፣ እስር የሌለበት አክሲዮን መሸጥ ይችላሉ። የገዛው ሰው አራት ወር አይጠብቅም። በዚያ ላይ መስመር ባሰምር ራሴን ነው የማታልለው። ስለዚህ መግለጫው ውስጥ "እስር" የሚለውን አንቀጽ ፈልጌ ካላገኘሁ አላሰምርም።

ሰኞ፣ ሜይ 12

ለባለቤቴ የገባሁላት ጊዜ አለቀ። ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። ሀ 39.90 ጠፋ። ለ 47.60 ገባ። ሐ 149.90 ጠፋ። ከመ ግማሽ 25.07 ገባ። በድምሩ 117 ዶላር ከ13 ሳንቲም ከስሬያለሁ። በእጄ የቀረው የመ 1,000 አክሲዮን ዛሬ በ14 ሳንቲም ነው፤ 140 ዶላር።

ከኪሳራው ውስጥ ለኮሚሽን ብቻ የሄደውን ስትደምር ባለቤቴ ቀና አለች። ስምንት ጊዜ፣ 79.60። "ይሄን ያህል ለደጅ ጠባቂ?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

መ ሐሙስ ዕለት፣ ሜይ 8፣ አዲስ አክሲዮን ሸጧል። በ13 ሳንቲም፣ ከሙሉ ዋራንት ጋር። መግለጫውን ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። እስር አለው። አራት ወር ከአንድ ቀን ቆጠርኩ። ሴፕቴምበር 9፣ ከእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን በፊት።

ባለቤቴ የኮምፒውተሩን ማውስ ከእጄ ወሰደችና መስመሩን ራሷ አሰመረችው። ትንሽ ተጣሟል። አላስተካከልኩትም።